«የቆሰለችዋን ቁረጡልኝ»

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ከሌሊት ሥራው ወጥቶ ገና ሳይተኛ ደወለና «እናንተ ጋዜጠኝነት ተምራችሁ የለ? ቪዲዮ መቁረጥ መቀጠል ታውቃላችሁ አይደል?» አለን። የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ መስሎን «እንዴታ!» አልነው። (ዘመድ ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል?) የላከልንን ስንከፍተው ግን ሙሽራም ካህንም የለበትም። ዛፍ አለ፣ ቅጠል አለ፣ የንፋስ ጩኸት አለ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ በቀበቶ የታሰረ ሰው አለ። ልጃችን አዳኝ ሆኗል።

እንደነገረን ከሆነ ወደ ጫካ የወሰደው የሥራ ባልደረባው ነው። ግዛቱ ጀማሪ አዳኞችን የሚያስገድደውን ኮርስ ወስዶ፣ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ቀስት ገዝቶ ገባበት። በሁለተኛው ዓመት ካሜራ ጨመረ። እዚያ አገር ሰው የራሱን አደን ቀርጾ ማሳየቱ ብርቅ አይደለም። ልጃችንም ፊልሙ የሚወጣበትን ስም ሳይቀር አስቦ ጨርሷል፦ «በቀስት ማደን ለጀማሪዎች»።

የላከልን የሦስት ጠዋት ጥሬ ቀረጻ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት አንዲት ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን መታ፤ ጥቂት ሮጣ ወደቀች። በሁለተኛው ምንም አልመጣም። በሦስተኛው ሌላ መታ፤ እሷ ግን አልወደቀችም። ደሟን ተከትሎ ሄደ፣ አንድ ጅረት ዳር ጠፋችበት፣ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። ግንባሩ ላይ ያሰራትን ካሜራ ማጥፋት ረስቶ ኖሮ አራት ደቂቃ ሙሉ የሚታየው ጉልበቱና ጫማው ብቻ ነው። ከቪዲዮው ጋር የጻፈልን መልእክት አጭር ነበር። «የቆሰለችዋን ቁረጡልኝ፤ የመጀመሪያዋን አሳምሩልኝ።»

አልቆረጥንም። ለምን እንዳልቆረጥን ነው ዛሬ የምንጽፈው።

አደን ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። አገር ቤት ያለ አንባቢያችንም ካሜራ አንጠልጥሎ ጫካ ይግባ እያልን አይደለም። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ። ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን (አሥር ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ ማለት ነው) ፍለጋ አርሲና ባሌ የሚወጡት በአብዛኛው ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ የውጭ ሰዎች ናቸው። የእኛ ጥያቄ ግን ጫካ የማይገባውንም ሰው ይመለከታል፦ ራሱን የሚቀርጽ ሰው ምኑን ያሳይ፣ ምኑን ይደብቅ?

ትንኝ የምታህል አጋዘን

መጀመሪያ ስለ ሙያው እናውራ። እንደ ልጃችን የሚያስብ ዘመድ ያለው አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል። ዘመድ ብንሆንም እውነቱን እንናገርና፣ ቀረጻው መጥፎ ነበር።

አንደኛው ጥፋት ካሜራው ነው። እንደ ጎፕሮ ያሉት ግንባር ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ ካሜራዎች ሌንሳቸው በጣም ሰፊ ነው። ለብስክሌት ነጂና ማዕበል ላይ ለሚንሳፈፍ ሰው ይመቻሉ፤ ሃያ ሜትር ላይ የቆመች አጋዘን ግን በእነሱ ስትታይ ትንኝ ታህላለች። በዚያ ላይ ጭንቅላት የማይረጋ ነገር ነው። ልጃችን ቀስቱን ሲስብ ራሱን ያዘነብላል፣ ካሜራዋም አብራው ታዘነብላለች፣ እኛም ወሳኟን ሰከንድ ሰማይ ስናይ አሳለፍናት። የሚሻለው ዙም ያለውን ተራ የቪዲዮ ካሜራ ከዛፉ ጋር በሚታሰር ክንድ ላይ መትከልና ትንሿን ካሜራ ወደ አዳኙ ማዞር ነው። አንዱ እንስሳዋን ያያል፣ ሌላው ሰውየውን። ታሪክ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ሁለተኛው ፎከስ ነው። ካሜራ ለራሱ ሲተው ቅርብ ያለውን ይወዳል። ከፊት ያለችውን ቅርንጫፍ ጥርት አድርጎ ከኋላ ያለችውን አጋዘን ጭጋግ ያደርጋታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ብርሃን እንደወጣ፣ እንስሳው ያልፍበታል ብለው የሚጠብቁትን ቦታ መርጦ ፎከሱን በእጅ እዚያ ላይ መቆለፍ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። በቨርጂኒያ አጋዘን ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። አጋዘኖቹም በብዛት የሚንቀሳቀሱት በእነዚሁ ጫፎች ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሰው ዓይን ገና ያያል፤ የትንሽ ካሜራ ዓይን ግን ቀድሞ ይታወራል። ስለዚህ ጀማሪው ካሜራው የሚታወርበትን ሰዓት ጫካ ከመግባቱ በፊት፣ በጓሮው ወይም በሰፈሩ መናፈሻ ሞክሮ ማወቅ አለበት።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ማይኩ ላይ የጠጉር ሽፋን ካልለበሰ ንፋሱ ሁሉን ይውጠዋል። ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ትርፉን ባትሪ ከሰውነት ጋር በሚሞቅ ኪስ መያዝ ነው። ከዛፍ ላይ መውደቅም እዚያ አገር አዳኞችን ከሚጎዱት ዋና ዋና አደጋዎች አንዱ ነው። ካሜራ አስተካክላለሁ ብሎ የደህንነት ቀበቶውን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ የሚፈታ ሰው ፊልሙን ሌላ ሰው ይጨርስለታል።

የቀረውን ማንኛውም የጋዜጠኝነት ተማሪ ያውቀዋል። ሰፊውን፣ መካከለኛውን፣ ቅርቡን ቅረጽ። እያንዳንዱን ቢያንስ አሥር ሰከንድ ሳትነቃነቅ ያዝ። አጋዘኗን ብቻ አትጠብቅ፤ ቅጠል ላይ ያረፈውን አመዳይ፣ የቀዘቀዘውን ጣትህን፣ የፔርሙሱን እንፋሎት ቅረጽ። አደን አሥር ሰዓት ጥበቃና አሥር ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ሰከንዶቹን ብቻ የያዘ ፊልም አደንን አያሳይም።

ይህን ሁሉ ጽፈን ላክንለት። በጣም ደስ አለው። ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ካሜራው አደኑን ሲመራው

ሦስተኛውን ጠዋት ደጋግመን አየነው። መጀመሪያ ያየነው ለመቁረጥ ነበር፤ የት ይቆረጥ የሚለውን ስንፈልግ ግን ልጃችን ራሱ ያላየውን ነገር አየን።

አጋዘኗ ከጥድ ውስጥ ወጥታ ጎኗን ሰጥታ ትቆማለች። ለቀስተኛ ከዚህ የተሻለ አቋም የለም፤ ልብና ሳንባዋ ፊት ለፊቱ ነው። በዚህ ጊዜ ልጃችን ምን ያደርጋል? ቀስቱን አይስብም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ሌላኛውን ካሜራ ያዞራል። (በዚያ ቀን ሁለተኛ ካሜራ ተውሶ ቅርንጫፍ ላይ አስሮ ነበር።) ካሜራው ይንቋቋል፣ አጋዘኗ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ሰውነቷን ወደ እሱ ታዞራለች። ካሜራው በመጨረሻ ተስተካከለ። አጋዘኗ ግን አሁን ጎኗን አልሰጠችም፤ ደረቷን ወደ እሱ አዙራለች። ለቀስት ይህ አቋም መጥፎ ነው፤ ትንሽ የሳተ ፍላጻ ሳንባውን ትቶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። በኮርሱ ያስተማሩትም ይህንኑ ነው፣ ራሱ ነግሮናል። ሆኖም ለቀቀው። ለምን? ካሜራው ስለተስተካከለ!

ቪዲዮውን አዘግይተን ስናየው ፍላጻው ያረፈው ከጎድን አጥንቷ ኋላ፣ ሆዷ ላይ ነው። ሁለተኛው ስህተት እዚህ ላይ ይጀምራል። ሆዷን የተመታች አጋዘን ብዙ ሳትርቅ ትተኛለች፤ አዳኙ ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ ሁለት ሰዓት ከጠበቀ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያገኛታል። ወዲያው ከተከተላት ግን ተነሥታ፣ ደሟም ሳይንጠባጠብ፣ ርቃ ትሄዳለች። በቨርጂኒያ የቆሰለ አጋዘን በማሰሪያ በተያዘ ውሻ መፈለግም ይፈቀዳል። ልጃችን ግን ወዲያው ከዛፉ ወርዶ መከተል ጀመረ። የት እንደመታት አላወቀም ነበርና።

እንግዲህ ልብ በሉ! የት እንደመታት የሚነግረው ነገር ኪሱ ውስጥ ነበር። ካሜራውን ከፍቶ አንድ ጊዜ መለስ ብሎ ቢያየው ኖሮ «ዛሬ አትውረድ፣ ማታ በውሻ ተመለስ» ይለው ነበር። ካሜራ ለአዳኝ ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ዓይን በድንጋጤ ያላየውን መልሶ ያሳያል። በዚያች ጠዋት ካሜራው ሁለት ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ጥፋቱን አስከተለ፤ ቀጥሎ መፍትሔውን ይዞ የሚያየው አጣ።

ቁረጡልን የተባልነው እንግዲህ ይህንን ክፍል ነው። ለጀማሪዎች በሚል ስም ከተላከው ቀረጻ ውስጥ ጀማሪ የሚማርበት ክፍል ቢኖር ግን እሱ ብቻ ነው።

ፉከራ ያለ ምስክር

አደንን እያሳመሩ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን አንበሳና ዝሆን ገድለው ሲመለሱ ይፎክሩ፣ ይሸልሉ ነበር። ፎካሪ ያጋንናል፤ ሰሚውም እንደሚያጋንን ያውቃል። ነገር ግን ፉከራው የሚሰማው ጫካ አብሮት በዋለው ሰው ፊት ነው። ፎካሪው ከልክ ሲያልፍ «አንተ ሰውዬ፣ እኔም እኮ ነበርኩ» የሚል አይጠፋም። ብቻውን ዛፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን የሚቀርጽ ሰው ግን አዳኙም፣ ፎካሪውም፣ ምስክሩም እሱ ነው። ምስክሩን ቆርጦ ሲጥለው ማንም አያየውም። ፉከራን ሁሉም ፉከራ መሆኑን አውቆ ይሰማዋል፤ ቪዲዮን ግን ሰው የሚያየው እውነት ነው ብሎ ነው።

ይህ በዩቲዩብ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1909 ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲሄድ ዊልያም ሴሊግ የሚባል የቺካጎ ፊልም ሠሪ አብሮ ሊያስቀርጽ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሩዝቬልትን የሚመስል ተዋናይ ፈለገ፣ ያረጀ አንበሳ ገዛ፣ እዚያው ቺካጎ ስቱዲዮ ውስጥ አንበሳውን አስገድሎ «የአፍሪካ አደን» ብሎ ለሕዝብ አሳየ። ሕዝቡም ጎረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ቼሪ ኪርተን አፍሪካ ድረስ ሄዶ የቀረጸው እውነተኛው የሩዝቬልት ጉዞ ሲታይ ግን የሐሰቱን ያህል አልተወደደም፤ እውነተኛው ጉዞ ጥበቃ የበዛበት ነው። የአደን ፊልም ገና ከጨቅላነቱ የተማረው ክፉ ትምህርት ይህ ነው፦ ሰው የሚወደው ሞቱን ነው፣ የቀረውን ቁረጥ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ስቲቨን ሪኔላ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሚት ኢተር» የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ሥጋው እንዴት እንደሚበለትና እንደሚበስል፣ ባዶ እጅ የተመለሰበትንም ጉዞ ጭምር እያሳየ ተመልካች አላጣም። መደበቅም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢንዲያና ውስጥ አንድ የአደን ቴሌቪዥን አቅራቢ በአንድ አደን ላይ ከተፈቀደለት በላይ ሁለት ወንድ አጋዘን መታ። ለተመልካች ያልታየው ጥሬ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላ ወጣና ፍርድ ቤት አቆመው።

የልጃችን ክርክር

የልጃችንን ክርክር ሳናቀርብ ብናልፍ እኛም ቆራጮች እንሆናለንና እናቅርብ።

አንደኛ፦ «ፊልሙ የእኔ ነው፣ የፈለግሁትን አሳያለሁ» ይላል። እውነት ነው። «አንድ ጠዋት» የሚል ፊልም ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋን ብቻ ብናሳይ ውሸት አልነበረም። ማሳጠርና መዋሸት ይለያያሉ፤ ቪዲዮ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ሲቆርጥ ነው የሚውለው። ነገር ግን ፊልሙ «ለጀማሪዎች» ይላል። ሁለት ጊዜ ተኩሶ አንዴ የሳተ ሰው የሳተበትን ቆርጦ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ሲል፣ የሚያየው ጀማሪ ቀስት ሁልጊዜ ይገድላል ብሎ ጫካ ይገባል። ቀጥሎ የምትቆስለው አጋዘን የዚያ ጀማሪ ናት።

ሁለተኛ፦ «ይህን ካሳየን አደንን የሚጠሉት ይፈነጥዙብናል።» ይህም ቀላል ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሲሲል የተባለው አንበሳ ሲገደል የዓለም ቁጣ ምን እንደሚመስል አይተናል። ሲሲል መጀመሪያ በቀስት ቆስሎ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው የተገደለው፤ ሰዉን ይበልጥ ያበሸቀውም እነዚያ ሰዓታት ናቸው። አዳኞች ከዚህ ሊማሩ የሚገባቸው ቁስል መደበቅን ነው ብለን አናምንም። እንስሳ እንደሚቆስል የማያውቅ ተመልካች አንድ ቀን ሲያውቅ ሁለት ጊዜ ይቆጣል፤ አንዴ ስለ እንስሳው፣ አንዴ ስለተታለለው።

ሦስተኛ፦ «እናቴ ታየዋለች።» እዚህ ላይ ዝም አልን። አክስታችን የመጀመሪያውን ጠዋት አይተዋል። ልጃቸው ዛፍ ላይ መውጣቱ አስደንግጧቸው፣ አጋዘኗ ስትወድቅ አማትበው፣ መጀመሪያ የጠየቁን ነገር «ባርኮ አረዳት?» የሚል ነበር። እኛ «እንጃ እትዬ» አልናቸው። ዋላና ሚዳቋ በኦሪቱ ከሚበሉት ተቆጥረዋል፤ ለአክስታችን ግን በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ፣ ሥጋ አይደለም። ጥሬ ቀረጻውን መልሰን አየነው። ልጃችን ቢላዋውን ይዞ ሮጧል፤ ሲደርስ ግን አጋዘኗ ሞታ ነበር። ቢላዋውን ይዞ ቆመና በአማርኛ «በቃ በክት ሆነች» አለ። ይህንንም ክፍል እንድንቆርጠው ጠይቆናል! እናትየው ሊያዩ የፈለጉት ግን እሱን ብቻ ነበር። ብንነግራቸው «ደግ አደረገ፣ ቢያንስ ሮጧል» አሉ። የሚወዱን ሰዎች እኛ ከምንፈራላቸው በላይ መሸከም ይችላሉ።

የሆነው ሆኖ

እንዲህ ስንል ጻፍንለት። «ሦስቱንም ጠዋት እንሠራልሃለን። ሦስተኛዋ ላይ ፍላጻው ያረፈበትን አዘግይተን እናሳያለን፤ አንተ በድምፅህ ካሜራውን ስታዞር ምን እንዳሰብህ፣ ለምን ቶሎ እንደወረድህ ትናገራለህ። ጉልበትህና ጫማህ የሚታይበትን አራት ደቂቃ ወደ ሃያ ሰከንድ እናሳጥረዋለን፤ አናጠፋውም። ይህን ካልፈለግህ ጥሬውን መልሰን እንልክልሃለን፣ ሌላ ሰው ይቁረጥልህ።»

አንድ ወር አልደወለም። በአውደ ዓመት እንኳ የደወለው ለአክስታችን ብቻ ነው። እኛም «ለአንድ አጋዘን ብለን ዘመድ ከምናጣ ብንቆርጣትስ?» ያልንበት ምሽት እንደነበረ አንደብቅም። ሰው ላይ ሳይሆን እንስሳ ላይ የተፈጸመ ስህተት ነው፤ ፊልሙንም ቢበዛ ሁለት መቶ ሰው ያየው ይሆናል። ነገር ግን ለሁለት መቶ ሰው መዋሸትን የለመደ እጅ ለሁለት ሚሊዮን ሲቆርጥ አይንቀጠቀጥም።

ፊልሙ እስከ ዛሬ አልወጣም። የመጀመሪያዋ ብቻዋን አልወጣችም፣ ሦስቱም አብረው አልወጡም። እሱ ቁረጡ አላለን፣ እኛም አልቆረጥን።

በቀጣዩ መኸር ግን ሳንጠይቀው አንድ ቪዲዮ ላከልን። ካሜራው ክንድ ላይ ተተክሏል፣ ፎከሱ ተቆልፏል፣ ማይኩ ጠጉር ለብሷል፤ ምክራችንን ሰምቷል ማለት ነው! አጋዘኗ ትመጣለች፣ ካሜራው ጥርት አድርጎ ይይዛታል። ልጃችን ቀስቱን ይስባል። አጋዘኗ ደረቷን ወደ እሱ እንዳዞረች ቆማለች። ይጠብቃል። አሁንም እንደዚያው ናት። እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቀስቱን ቀስ አድርጎ ይመልሳል፣ አጋዘኗም ሄደች። ስድስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ከሥሩ «ይህን የሚያይ ሰው ይኖራል?» ብሎ ጽፏል።

እኛ ሦስት ጊዜ አየነው።